ወፈረች ወይስ ቀጠነች? ከሠፈሩ ሲወጣ የሚስተው የአዳማ ልጅ

ልጁ ባጃጅ ነጂ ነው። ስሙን አላነሣም፤ «ስሜን ካልጠቀሱ ይጻፉት» ብሎ ነው የፈቀደልኝ። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ሙቀት ሲበረታና ተሳፋሪ ሲሳሳ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጁን ጥላ ሥር ያቆምና ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ወዳለችው ፑል ይመጣል። እዚያች ጠረጴዛ ላይ የሚደፍረው የለም። የሚከፍለው የተሸነፈ ነውና ሳምንት ሙሉ ከኪሱ ሳያወጣ የሚጫወትበት ጊዜ ብዙ ነው።

ችግሩ ከሠፈር ሲወጣ ነው። ከተማው ውስጥ ትልልቅ ጠረጴዛዎች ያሉበት አንድ አዳራሽ አለ፤ ጨርቁ አዲስ፣ ኳሱ የሚያብረቀርቅ። ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስቴም ተሸንፎ ተመለሰ። የማያውቃቸው ጎበዞች ቢያሸንፉት ባልከፋው። ካሸነፉት መካከል ሁለቱ ግን በረንዳችን ብቅ ባሉ ቁጥር የሚያንበረክካቸው የራሱ ጓደኞች ናቸው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በረንዳው ላይ የምቀመጠው ለቡናው ነው፤ ጀርባዬ ካስቸገረኝ ወዲህ ስቴካ (የኳስ መምቻውን ዱላ) የያዝኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ከጥምቀት ማግስት አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠና «ቲቸር፣ ዓይኔ ነው መሰለኝ። መነጽር ልገዛ ነው» አለኝ።

«መነጽሩን ቆየት አድርገውና አንድ ነገር ንገረኝ። ስትስት በየት በኩል ነው የምትስተው?»

«እንዴት በየት በኩል? ሳትኩ ነዋ!»

እስከ ፋሲካ የዘለቀው ሥራችን ከዚህ መልስ ተነሣ። ልጁ በሺህ የሚቆጠር ኳስ መትቷል፤ የሳታትም እንደዚያው ብዙ ናት። አንዷንም ግን በየት በኩል እንደሳታት ልብ ብሎ አያውቅም።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ባለ ቁጥሯን ኳስ በጎን ቆርጠን ወደ ቀዳዳው ስንልክ መሳቻው ሁለት ነው። ነጯ (በስቴካ የምንመታት ኳስ) ከሚገባው በላይ ሙሉ ሆና ካረፈችባት ኳሷ በበቂ አትታጠፍም፤ ይህችን «ወፈረች» እንላለን። ጫፏን ብቻ ከነካቻት ደግሞ ከሚገባው በላይ ትታጠፋለች፤ «ቀጠነች» ነው ስሟ። አንዴ እየወፈረች አንዴ እየቀጠነች የምትበተንበት ሰው እጁን ይመርምር። ሁልጊዜ በአንድ በኩል የምትስትበት ሰው ግን እጁ ታማኝ ሆኖ የተሳሳተ ቦታ እየላካት ነው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ስለሆነ፣ ሳይለዩ «ልምምድ አብዛ» ማለት ትርፉ ድካም ነው።

የመጀመሪያው ቆጠራ

አንድ ምት መረጥን። ነጯ ከባለ ቁጥሯ 60 ሳንቲ ሜትር ትርቃለች፤ ባለ ቁጥሯ ከማዕዘኑ ቀዳዳ 60 ሳንቲ ሜትር። ቁርጡ፣ ማለትም ባለ ቁጥሯ ከነጯ መስመር የምትታጠፍበት ማዕዘን፣ 30 ዲግሪ። 30ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ማዕዘን የነጯ መሐል በቀጥታ የባለ ቁጥሯን ጠርዝ ያያል፤ ግማሽ በግማሽ ይደራረባሉ። ስለዚህ ማነጣጠሪያው በግልጽ የሚታይ ነገር ነው፤ ግምት አይፈልግም። የኳሶቹን ቦታ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ነጥብ ምልክት አደረግን (እትዬ ጨርቁ ላይ ጠመኔ ሲያዩ ያሉትን አልጽፈውም)፣ ልጁ 20 ጊዜ መታ፣ እኔ ደብተሬ ላይ «ገባች፣ ወፈረች፣ ቀጠነች» እያልኩ መዘገብኩ።

በረንዳው ላይ 12 ገቡ። ከሳታቸው 8 ውስጥ 4 ወፈሩ፣ 4 ቀጠኑ። በማግሥቱ ሜትሬን ይዤ አብሬው አዳራሹ ሄድኩ። ያንኑ ርቀት፣ ያንኑ ማዕዘን አስቀመጥን። 7 ገቡ፤ 13 ሳተ። ከ13ቱ 11 ቀጥነው ነው።

ልጁ ወዲያው «ጠረጴዛው ትልቅ ነው» አለ። እውነት አለው፤ የእትዬ ጠረጴዛ መጫወቻዋ 2 ሜትር በ1 ሜትር ግድም ነው፣ የአዳራሹ 254 በ127 ሳንቲ ሜትር። ትልቅነት ዋጋ አለው። አሜሪካዊው የፑል ተጫዋች ዊሊ ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ሳይስት 526 ኳስ በተከታታይ ያስገባው በ8 ፉት፣ ማለትም ከአዳራሹ ባነሰ ጠረጴዛ ላይ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነሣል። እኛ ግን ርቀቱን በሜትር ለክተን እኩል አድርገነዋል፤ ጠረጴዛው ቢሰፋ በዚህች ምት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ቀዳዳው ጠበብ ይላል፤ ለካሁት፣ የእትዬ 12.5፣ የአዳራሹ 11.5 ሳንቲ ሜትር። ጠባብ ቀዳዳ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ያስታል እንጂ 11 በአንድ በኩል፣ 2 በሌላው አያደርግም።

ስንት ማጥፋት እንደሚፈቀድልን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ሠራሁለት። የኳስ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ነው። ከ115ቱ የቀዳዳ ስፋት ላይ ሲቀነስ 58 ይተርፋል፤ በየጎኑ 29 ማለት ነው። ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲታይ ይህ በግምት 2.8 ዲግሪ ነው። በ30 ዲግሪ ቁርጥ ላይ ነጯ ከመስመሯ 1 ሚሊ ሜትር ብትሸሽ ባለ ቁጥሯ ከ1 ዲግሪ በላይ ትዞራለች። ስለዚህ ነጯ የተፈቀደላት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ለምትሄድ ኳስ ይህ ሩብ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ቁርጡ እየቀጠነ ሲሄድማ ይብሳል፤ 60 ዲግሪ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ጥፋት 2 ዲግሪ ነው። ልጁ ይህን ሰምቶ ዝም አለና «እንግዲህ እስከ ዛሬ እንዴት ስትገባልኝ ኖረች?» አለ። የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን ያን ቀን አላወቅሁትም።

ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ስሕተት

በአንድ በኩል የሚስት ሰው ሳይ ቶሎ የመጣልኝ የዓይን ነገር ነው። መነጽር ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁሉ የሚመራው ዓይን አለው። በሁለት እጆችህ መሐል ትንሽ ክፍተት ሠርተህ ሩቅ ያለ ነገር እይበት፤ ከዚያ አንዱን ዓይን ጨፍን። ነገሩ ከክፍተቱ ያልጠፋበት ዓይን መሪው ነው። ልጁ የሚመታው በቀኝ እጁ ነው፣ መሪ ዓይኑ ግን የግራው ሆነ። ሲያጎነብስ ደግሞ ስቴካው በቀኝ ዓይኑ ሥር ነው የሚያልፈው። «በቃ፣ ተገኘች!» አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አገጩን ወደ ቀኝ እንዲያሸሽ፣ ስቴካው ወደ ግራ ዓይኑ እንዲጠጋ አደረግሁት። አንገቱን አመመው። በረንዳው ላይ የሚገባለት ከ12 ወደ 9 ወረደ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን አሁንም በብዛት የምትስተው ቀጥና ነው። ዓይኑ ቢሆን ኖሮ ሠፈርም ቢሆን በአንድ በኩል ሊስት ይገባው ነበር። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያ ቀን ተጽፎ ሳለ! ልጁ ወደ ቀድሞ አቋቋሙ ተመለሰ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሌላም ያማለለኝ ሐሳብ ነበር። የባጃጅ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ መሪውን በመጠምዘዝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጠመዝዝ እጅ ስቴካውንም ቢጠመዝዝስ? ወሬው ያምራል፤ በረንዳው ላይም ብዙ አሳቀ። የእጅ አንጓውን ከኋላ ቆሜ ስመለከት ግን ምንም አይጠመዝዝም።

የእትዬ ኳሶች

መልሱ የመጣው ከአቧራ ነው። አዳማ ጥርና የካቲት ላይ ነፋሷ እንዴት እንደሆነ የኖረባት ያውቃል። በረንዳው ክፍት ነው፤ ኳሶቹ ቀን አቧራ፣ ማታ የተጫዋች ላብና የጠመኔ ዱቄት ሲጠጡ ይውላሉ። አንድ ቀን 3 ቁጥሯን አንሥቼ በነጭ ሶፍት ብጠርጋት ሶፍቱ የሻይ ማጥለያ መሰለ።

ሁለት ኳሶች ሲጋጩ ነጯ ባለ ቁጥሯን ወደ ፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን በጎን እየተፋተገች ትንሽ ይዛት ትሄዳለች። በዚህ ሰበቃ የተነሣ ባለ ቁጥሯ ከሚጠበቀው መስመር ወደ ወፍራም በኩል ታዘነብላለች። የቢሊያርድ ሒሳብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ጽፎበታል። በእኛ ዘመን ደግሞ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና መምህር ዴቪድ አልሲያቶሬ ይህንኑ ሰበቃ በሰፊው መርምሮታል። ኳሱ ሲቆሽሽ ሰበቃው ይጨምራል። ቀስ ተብሎ ሲመታና ነጯ ሳትንከባለል እየተንሸራተተች ስትደርስም ይብሳል። በጣም የሚበረታው ደግሞ በግማሽ ኳስ ቁርጥ አካባቢ ነው፤ እኛ የመረጥናት ምት! በዚያ ሁኔታ ኳሷ እስከ 5 ዲግሪ ልታዘነብል ትችላለች።

አሁን የልጁን ጥያቄ መመለስ ቻልኩ። ዓመታት በቆሻሻ ኳስ ተጫውቷል። ኳሷ እየወፈረች ስታስቸግረው ማንም ሳያስተምረው ከትክክለኛው መስመር ቀጠን አድርጎ ማነጣጠር ለምዷል። አቧራው ወደ ወፍራም ይስባታል፣ እሱ ወደ ቀጭን ይልካታል፣ መሐል ላይ ተገናኝተው ትገባለች። አዳራሹ ውስጥ ኳሱ ንጹሕ ነው፤ የሚስብ የለም። እሱ ግን አሁንም ቀጭን ይልካል። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ከተፈቀደልን 2.8 ዲግሪ አብዛኛውን በልቶታል።

ይህ እስካሁን ግምት ነው። ለማረጋገጥ እትዬን አስፈቅደን ኳሶቹን ማጠብ ነበረብን።

«ኳስ ይታጠባል እንዴ? ቀለሙ ቢለቅ ማን ሊገዛልኝ ነው?»

«እትዬ፣ ከለቀቀ እኔ እከፍላለሁ» አለ ልጁ።

ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። በረኪና አይነካውም። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ውኃው ግን ጠቆረ። እትዬም ውኃውን አይተው «ይህን ሁሉ ነው እንዴ ስትነካኩ የከረማችሁት?» ብለው ሌላ ሳሙና ጨመሩልን።

ልጁ በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በታጠበ ኳስ 20 መታ። 8 ገቡ። ከሳታቸው 12 ውስጥ 10 ቀጥነው ነበር። አዳራሹ ሠፈራችን ድረስ መጣ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ እነዚያ ሁለት ጓደኞቹ እኛ ዘንድ ሲመጡ ለምን እንደሚሸነፉም ያኔ ነው የገባን። ንጹሕ ኳስ የለመዱ ናቸው፤ በረንዳችን ላይ እየወፈረችባቸው «ይቺ ጠረጴዛ ተበላሽታለች» እያሉ ሲያማርሩ ሁላችንም ሰምተናል፣ የተሸናፊ ወሬ ነው ብለን ስቀናል።

እጁስ?

የቀጭኑ ነገር መልስ አገኘ። በረንዳው ላይ ያየነው 4 ለ4 መበተን ግን ከአቧራ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ያ የእጅ ነው። እዚህ ላይ ያጠፋችው ግድግዳዋ ናት። ጠረጴዛዋ በአንድ በኩል ለቤቱ ግድግዳ ቅርብ ነች፤ ስቴካ ደግሞ 147 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ነጯ በዚያ በኩል ስትቆም ተጫዋቹ የስቴካውን ጀርባ ያነሣል፣ እጁን ሳይስብ በአጭሩ ነጥቆ ይመታል። ጀርባው ከፍ ብሎ የነጯን መሐል በትንሹም ቢስት ነጯ መንገድ ላይ ትታጠፋለች። ልጁ ይህን አመታት ግድግዳ በሌለበትም ይዞት ይዞራል። ልክ ሊመታ ሲል ጣቶቹ ጭምቅ ይላሉ፣ ጭንቅላቱም ኳሷን ለማየት ቀና ይላል።

ለዚህ የተጠቀምንበት መሣሪያ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አጋድመህ የስቴካውን ጫፍ አፉን ሳትነካ ወደ ውስጥ ታስገባለህ፣ ትመልሳለህ። ጫፉ 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጠርሙሱ አፍ ከዚያ የሚሰፋው በጥቂቱ ነው። እጅህ ሲያጣምም ጠርሙሱ ራሱ ይነግርሃል፣ ቃጭ ይላል። የመጀመሪያ ቀን በረንዳው የደወል ቤት መስሎ ነበር። ስቴካውን በምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ሲጠይቀኝ ጫጩት እንደምትይዝ አልኩት፤ እንዳታመልጥህ፣ እንዳትሞትብህም።

ሳምንት ጠርሙስ ብቻ። አልወደደውም፤ ልጆቹም ቀልደውበታል። ቀጥሎ ቀጥታ ምት መጣ፤ ነጯ፣ ባለ ቁጥሯና ቀዳዳው በአንድ መስመር። የነጯን መሐል ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይመታል፤ ባለ ቁጥሯ ስትገባ ነጯ እዚያው ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ወደ ጎን ከተንሸራተተች ሙሉ አልመታትም ማለት ነው። ባለችበት እንደ እንዝርት ከሾረች ስቴካው መሐሏን ስቷል። ይህን ምት የምወድደው ለዚህ ነው፤ ኳሷ ገብታ እንኳ ጥፋትህን ታሳይሃለች። ከ20ው መጀመሪያ ላይ ነጯ ቀጥ ብላ የቆመችው 5 ጊዜ ነበር። በአራተኛው ሳምንት 13 ደረሰች።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቁርጡ የተመለስነው። ማነጣጠሪያውን ለማስተካከል «የሌለችዋን ኳስ» አስተማርኩት። ባለ ቁጥሯ ጀርባ፣ ከቀዳዳው በተቃራኒ፣ ሌላ ኳስ አስጠግተህ አስቀምጥ። ነጯ በምትነካበት ቅጽበት የምትቆመው እዚያ ቦታ ነው። ኳሷን አንሣትና መሐሏ የነበረበትን ነጥብ አስብ፤ ነጯን ወደዚያ ላካት። ብዙ ሰው የሚያነጣጥረው ሁለቱ ኳሶች ወደሚነካኩበት ነጥብ ነው፤ ያ ሁልጊዜ ያወፍራል። የእኛ ልጅ የተገላቢጦሽ ቀጭን ስለለመደ፣ ትክክለኛው መስመር ለሱ ወፍራም መስሎ ይታየው ነበር። «ቲቸር፣ እዚህ ላይ ብመታት አትገባም!» እያለ ይከራከረኛል፤ ይመታታል፤ ትገባለች፤ ደግሞ ይናደዳል።

ሥርዓትም አበጀን። መወሰን ቆሞ ነው። ከወሰነ በኋላ በመስመሩ ላይ ገብቶ ያጎነብሳል። ስቴካውን ሦስት ጊዜ ያመላልሳል፤ ቆም ይላል፤ ይመታል። ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ ወድቃ ድምፅዋን እስኪሰማ አገጩ ከስቴካው አይነሣም። አጎንብሶ ሐሳቡን ከቀየረ ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል። ይህች የመጨረሻዋ ነበረች ከሁሉ የከበደችው፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ልጆች «ቶሎ በል!» ሲሉ መነሣት ያሳፍራላ።

ከፋሲካ በፊት

በስምንተኛው ሳምንት አዳራሹ ተመለስን። ያቺው ምት፣ 20 ጊዜ። 14 ገቡ፤ ከሳታቸው 6 ውስጥ 3 ወፈሩ፣ 3 ቀጠኑ። እኔን ያስደሰተኝ 14ቱ ሳይሆን 3 ለ3ቱ ነው። ያን ዕለት ማታ ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ገጠመ፤ አንዱን 5 ለ3 አሸነፈ፣ በሌላው ተሸነፈ። የተሸነፈውም ጥቁሯን አስገብቶ ነጯም ተከትላ በመግባቷ ነው፤ ያ ደግሞ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ያልጠበቅነው ነገር በረንዳችን ላይ ሆነ። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ሰኞ ያሳጥቡ ነበር፤ ደንበኞቹ «ኳሱ ተበላሸ» ብለው አማረሩ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም እንደሱ ቀጭን የለመዱ ናቸውና አንድም ኳስ አልገባ አላቸው። እትዬ ገበያ ሲቀዘቅዝ ማሳጠቡን ተዉት። አቧራው ተመለሰ፤ አሁን ልጁ በገዛ ሠፈሩ እያወፈረ ከሚንቃቸው ልጆች ጋር ተስተካክሎ ከኪሱ መክፈል ጀምሯል።

እንደገና ቀጭን ይልመድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት፤ ማነጣጠሪያው የሚቀየረው ጠረጴዛው ፊት ቆሞ ኳሱን አይቶ ነው እንጂ በእጅ ልማድ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ በረንዳው ላይ አየሁት። ኳሶቹ ሳይደረደሩ አንዷን አንሥቶ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት፣ ጣቱን አየ፣ በሸሚዙ ጠረገው። ከዚያ ያቺን የግማሽ ኳስ ምት አንድ ጊዜ መታት። ወፈረች። «እሺ» አለና ኳሶቹን ሰብስቦ ይደረድር ጀመር።